አስተኝቶ የሚሄደው ሰውዬ

ሰሞኑን እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ ከኦፕራሲዮን የተነሱ ጎረቤታችንን ልንጠይቅ ሄድን። ወሬው ሁሉ ስለ ቀዶ ሐኪሙ ነበር። «እጁ ይባረክ!» ተባለ። ማደንዘዣ የሰጠዎትስ? አልኳቸው። «እሱማ አስተኝቶኝ ሄደ፣ ልጄ።»

እውነት ለመናገር እኔም የማውቀው ይህንኑ ነበር። ታሪኩን ሳገላብጥ ግን ሰውየው አለመሄዱ ሳያንስ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍል ውጪ የሠራው ሥራ አስገረመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ 1952 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኮፐንሃገንን ፖሊዮ አጥለቀለቃት። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ሲያሽመደምድ ሰው አየር መሳብ ያቅተዋል። በጊዜው በነበሩት መሣሪያዎች ከታከሙት የመጀመሪያ 31 ሕመምተኞች 27ቱ ሞቱ። ሐኪሞቹ ግራ ሲገባቸው ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም አስጠሩ። ለእሱ ነገሩ አዲስ አልነበረም። በኦፕራሲዮን ጊዜ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት የተሰጠው ሰው እኮ በራሱ አይተነፍስም፤ የሚተነፍስለት ማደንዘዣ ሰጪው ነው!

በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባ። ኢብሰን የጎማ ከረጢት በእጁ እየጨመቀ አየር ሰጣት። ልጅቷ ተረፈች። ከዚያ በኋላ ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች በፈረቃ፣ ሌት ተቀን፣ ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመምተኞችም መትረፍ ጀመሩ። በ1953 ኢብሰን ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለውን አቋቋመ።

በዚያው ሰሞን ኒውዮርክ ውስጥ ቨርጂንያ አፕጋር የተባለች የማደንዘዣ ሐኪም ዓይኗን ከእናቲቱ ወደ ሕፃኑ አዞረች። የልብ ምቱን፣ ትንፋሹን፣ የቆዳውን ቀለም፣ የጡንቻውን ብርታት፣ ሲነካኩት የሚሰጠውን ምላሽ አይታ ከ10 የምታርምበት ዘዴ አወጣች። «አፕጋር» እየተባለ ዛሬም በእኛው ማዋለጃ ክፍሎች ይሠራበታል። የሕይወታችንን የመጀመሪያ ፈተና ያወጣችው እሷ ናት ማለት ነው!

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ይህን ሸክም በአብዛኛው የተሸከሙት ሐኪሞች ሳይሆኑ በሙያው በዲግሪ የተመረቁ ባለሙያዎች ናቸው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ያሠለጥናቸዋል። በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲገባ ሁላችንም «ስንት ቬንቲሌተር አለን?» እያልን ማሽን ቆጠርን። ቱቦውን ማን ያስገባል? ማሽኑን ሌሊቱን ሙሉ ማን ይጠብቃል? ብለን ግን አልጠየቅንም።

ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን አወራሁላቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ የእኔው ስሙ ማን ነበር?» አሉ።

ቤቱ ሙሉ ጠያቂ ነበር። አንድም የሚያውቅ ጠፋ።