ድንጋይ የሚበላው ጨው፦ የአስዋን ግድብ ሌላው ሂሳብ

ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1960 የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ መገንባት ስትጀምር፣ የዓለም ዓይን ያረፈው ውሃ ሊውጣቸው በነበሩት ቅርሶች ላይ ነበር። ዩኔስኮ ጥሪ አቀረበ፤ ገንዘብና ባለሙያ ከየአገሩ መጣ። የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 ተቆራርጠው 65 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወሩ።

ከግድቡ በታች ያሉት ሉክሶርና ካርናክስ? እነሱ አይሰምጡም። እነሱን የሚበላቸው ጨው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተ መቅደሶቹ የተሠሩበት የአሸዋ ድንጋይ ሲያዩት ድፍን ይመስላል እንጂ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ ድንጋዩም ጨው ያዘለውን የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ይስባል። ፀሐይ ስትመታው ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን ይቀራል። ገጹ ላይ ከቀረ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል፤ ጉዳቱ ቀላል ነው። አደጋው ከገጹ ጥቂት ገባ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ሲደርቅ ነው። እዚያ ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉ የቀዳዳውን ግድግዳ ቢነካም ማደጉን አያቆምም፤ በመካከላቸው ያለው ስስ የውሃ ሽፋን ጨው እያቀበለው ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። ሲረጥብ ይሟሟል፣ ሲደርቅ እንደገና ይገፋል። በመጨረሻ ፈርዖኖች ያስቀረጹት ጽሑፍ እንደ ቅርፊት ተልጦ ይወድቃል።

ሁሉንም በግድቡ ማሳበብ ግን ሐቅ አይሆንም። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን፣ ከምድር የሚወጣው ጨው ፒራሚዶችን ሳይቀር እንደሚጎዳ ጽፏል። በካርናክ 11 ዓምዶች የወደቁትም ግድቡ ከመታሰቡ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ነው።

ግድቡ የለወጠው የውሃውን ልማድ ነው። ቀድሞ ከእኛ ደጋ የሚወርደው የክረምት ሙላት መጥቶ ይመለስ ነበር፤ ሲመለስም የምድሩን ጨው አጥቦ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1970 ግድቡ ሲጠናቀቅ ሙላቱ ቀረ። እርሻው ዓመቱን ሙሉ ይጠጣ ጀመር፤ የከተማው ፍሳሽ ተጨመረበት። የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ግድግዳዎቹ ቀረበ፣ ጨውም ተጠራቀመ።

በ2000ዎቹ ውሃውን ዝቅ የሚያደርግ ማፋሰሻ በሁለቱ ቤተ መቅደሶች ዙሪያ ተሠራ። ትክክለኛ እርምጃ ነው። ሆኖም የሚደርቅ ግድግዳም የራሱ አደጋ አለው፤ ውስጡ የቀረው ጨው በዚያው ክሪስታል ይሠራልና። ስለዚህ ጠጋኞች እርጥብ ልጥፍ እየለጠፉ ጨውን ቀስ በቀስ ይስቡታል። ረጅም፣ ካሜራ የማይከተለው ሥራ ነው።

ይህን የማነሳው በግብፅ ለመሳለቅ አይደለም። በዚሁ ወንዝ ላይ ትልቅ ግድብ የገነባን እኛም ልንማርበት ይገባል። የሚያስደነግጥ አደጋ በጀትና ጭብጨባ ያገኛል፤ ዝም ብሎ የሚሠራው ግን ጉዳቱ እስኪታይ የሚያስታውሰው የለም። የግድብ ሂሳብ በምረቃው ቀን አይዘጋም። ዙሪያውን አፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ከዛሬ ጀምሮ በየዓመቱ መለካት፣ ከ50 ዓመት በኋላ ድንጋይ ከመጠገን ይረክሳል።