የኢሉባቦር ክረምትና የትንሽ መኪና ጎማ

ፈረንጆች ለበረዶ ወራት የተለየ ጎማ ይገዛሉ። የኢሉባቦር በረዶ ጭቃው ነው። በክረምት ከዳሪሙ ወደ መቱ በትንሽ መኪና ለሚመላለስ አንባቢ የምመክረው ይህን ነው።

የጎማው ቁጥር ፋብሪካው ካዘዘው አይለይ። በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት ሰፊና ጥልቅ ይሁን፤ ጥቅጥቅ ያለው ጭቃ ሲሞላበት መላጣ ጎማ ማለት ነው። በጎኑ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2324 ማለት የ2024 (እ.ኤ.አ.) 23ኛ ሳምንት ነው።

ሕግ የተማርኩ ነኝና አንድ ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዛል። እኔ ግን 4 ሲደርስ እቀይራለሁ። ሕግ ማክበር ከቅጣት ያድናል፤ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት አሳፍሮ ወደ መቱ ሆስፒታል ለሚነዳ ግን ጭቃ ሕግ አያውቅም።