ሁለት ዓመትና አምስት ደቂቃ

የአክስቴ ልጅ የጠፋ ዕለት ጀሞ አንድ ካለው ኮንዶሚኒየማችን የወጣው ዳቦ ሊገዛ ነበር። ስልኩ ቻርጅ ላይ፣ የጠዋት ኪኒኑ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ጣቢያ ስንደርስ ከወጣ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለአክስቴ ወንበር ሰጣት። «ሃያ ሁለት ዓመቱ? ትልቅ ሰው አይደል እንዴ፣ ሃያ አራት ሰዓት ይሙላውና ኑ» አለን። የሚጥል በሽታ እንዳለበት ስንነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ጸበል ሞክረዋል?» አላት።

ይሄ ሃያ አራት ሰዓት ከየት መጣ? ፊልም አስተምሮን ይሆናል። እኔ ሕግ ገልጬ ያገኘሁት ሌላ ቁጥር ነው፦ ሁለት ዓመት። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 154 ላይ፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ያገባኛል የሚል ሁሉ መጥፋቱ እንዲወሰን ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የንብረትና የትዳር ነገር ነው። አይፈረድበትም፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነዋ! ፍለጋው ግን ለዘመድ፣ ለሬዲዮ «አፋልጉኝ»፣ መብራት እንጨት ላይ ለሚለጠፍ ፎቶ ቀረ። አሁን ደግሞ ለቴሌግራም።

የጸበሉ ጥያቄም ታሪክ አለው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች አገኙ። የታወቀ መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስሌቱን ሠራሁት፤ አምስት ሰው ገደማ ነው። ለሌላው ያለው ጸበልና አፍንጫ ሥር የሚጫር ክብሪት ነበር። ፖሊሱ ያደገው እዚያ አገር ውስጥ ነው፤ እኛም እንደዚሁ።

እኛስ ምን አልነው? «ይወድቃል» ብቻ። ሁሉም ግን አይወድቅም። አንዳንዱ ዓይኑ ፈጦ፣ ልብሱን እየነካካ ዝም ብሎ ይሄዳል። ከወደቀም በኋላ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ይደናገራል፤ ሲጠሩት አይመልስም፣ ሲይዙት ይታገላል። ሰካራም ይመስላል። ኪኒን ሲዘለል የመጣል ዕድሉ ይጨምራል፤ መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ደግሞ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። እንግሊዝ አገር ፖሊስ ሰው ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የአደጋውን መጠን ይመዝናል፤ የጠፋው ሰው የግድ የሚያስፈልገው መድኃኒት አለ ወይ የሚለውም ይጠየቃል። ይህን ለመጠየቅ ሄሊኮፕተር አያስፈልግም። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አየር ጤና፣ አንድ ግንባታ በር ላይ አገኘነው። ምላሱን ነክሶታል፣ አንድ ጫማ የለውም። ዘበኛው ጋቢውን አልብሶታል። «ጠጥቶ መስሎኝ ነው፣ መኪና እንዳይገጨው ብዬ አስቀመጥኩት» አለን።

አሁን ኪሱ ውስጥ አክስቴ በፕላስቲክ ያስለበጠችው ወረቀት አለ። የመድኃኒቱ ስምና ስልኳ ከሥር ነው። ከላይ በትልቁ «አልሰከርኩም» ይላል።