የአጥንቱ ድምፅና ትርጓሜው፤ ስለ ካይሮፕራክቲክ ታሪክ አጭር ጥናት

በአሜሪካ አገር፣ በአዮዋ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ዳቨንፖርት የምትባል ከተማ አለች። በ1895 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈነዋል) በዚች ከተማ በአንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል በእጁ እየዳሰሰ የሚያክም ሰው ነበረ። የዚያው ፎቅ ጽዳት ሠራተኛ የነበረው ሃርቪ ሊላርድ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ደግሞ ጆሮው ከደነቆረ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። ፓልመር ኋላ እንደ ተረከው፣ ሊላርድ ጐንበስ ብሎ ሲሠራ በጀርባው ውስጥ አንድ ነገር ቋ ብሎ ከተሰማው በኋላ መስማት አቆመ። ፓልመርም ጀርባውን ቢዳስስ ከአከርካሪው አጥንቶች አንዱን ከተራው ወጣ ብሎ አገኘው፤ በእጁ ገፍቶ ወደ ቦታው ቢመልሰው የሰውዬው ጆሮ ተከፈተ። ካይሮፕራክቲክ የተባለው ሙያ ልደቱን የሚቈጥረው ከዚህች ቀን ነው።

እኛ ይህን ታሪክ ለመመርመር ስንነሣ መጀመሪያ ያጋጠመን የምስክሮቹ አለመስማማት ነው። በሙያው ዘንድ የሚከበረው ቀን ሴፕቴምበር 18 ቀን 1895 ነው። ሊላርድ ራሱ ግን በ1897 በታተመው ቃሉ ነገሩ በጃንዋሪ ወር እንደ ተጀመረና የተሻለው በሁለት ጊዜ ሕክምና እንደ ሆነ ይናገራል። ልጁ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ የተናገረችው ከሁለቱም የተለየ ነው፤ አባቷ በኮሪደሩ ቆሞ ቀልድ ሲያወራ ፓልመር ቀልዱ ደስ ቢለው በያዘው መጽሐፍ ጀርባውን መታ አደረገው፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ሊላርድ ጆሮዬ ተሻለኝ አለ። ከሦስቱ ለድርጊቱ የሚቀርበው የታማሚው የራሱ ቃል ስለ ሆነ እኛ ለእርሱ እናደላለን። ሆኖም የትኛውንም ብንይዝ አንድ ችግር አይለቀንም። የአካል ጥናት የተማረ ጓደኛችን ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ድምፅን ከጆሮ ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ መንገዱ በሙሉ በራስ ቅል ውስጥ ነው፤ በጀርባ በኩል አያልፍም። እንግዲህ ሊላርድ ተሻለኝ ማለቱ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ፓልመር የሰጠው ምክንያት ምክንያት ሊሆን አይችልም። እጁ የሠራው ሥራና አፉ የሰጠው ትርጓሜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተለያይተው እናገኛቸዋለን። የዚህ ጥናት መነሻም ይኸው ልዩነት ነው።

እጅን በአጥንት ላይ ማሳረፍ የፓልመር ፈጠራ አይደለም። በአገራችን ወለምታ የሚያሽ፣ የወለቀ ትከሻ የሚመልስ ወጌሻ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ በ18ኛው ምዕት ዓመት ሣራ ማፕ የምትባል ሴት በኤፕሰም ከተማ በዚሁ ሙያ ስሟ እጅግ ገንኖ ነበር። በ1867 ታላቁ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጄምስ ፓጄት ስለ እነዚህ ወጌሾች ባስተማረው ትምህርት፣ የሥራ ባልደረቦቹ እንዲሁ ከመናቅ ይልቅ ወጌሾቹ የሚያድኑትንና የሚጎዱትን ለይተው እንዲማሩ መክሮአል። ይህን ምክር ብዙ ሐኪሞች አልሰሙትም። በአሜሪካም አንድሩ ቴይለር ስቲል ኦስቲዮፓቲ የተባለውን አሠራር በ1874 አውጥቶ፣ በ1892 በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፍቶለት ነበር። ስቲል የበሽታን ሥር በደም ዝውውር መታወክ ሲፈልግ፣ ፓልመር በነርቭ መጨቆን ፈለገው።

ፓልመር በ1845 በካናዳ በቶሮንቶ አቅራቢያ ተወልዶ በ20 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አስተምሮአል፣ ንብ አንብቶአል፣ ሸቀጥ ሸጦአል፤ ከ1886 ጀምሮ ደግሞ ከሰውነቱ በሚወጣ መግነጢሳዊ ኃይል አድናለሁ እያለ ያክም ነበር። የሙያውን ስም ከግሪክ ቋንቋ፣ «እጅ» ከሚለውና «ሥራ» ከሚለው ቃል አጋጥሞ ያወጣለት ታካሚው የነበረ ሳሙኤል ዊድ የተባለ ቄስ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1897 ተከፈተ። በ1910 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ፓልመር ከበሽታ ሁሉ 95 ከመቶው የሚመጣው ከቦታው ፈቀቅ ባለ የአከርካሪ አጥንት ነው ሲል ጻፈ። ፈቀቅታውን «ሰብላክሴሽን» ብሎ ጠራው፤ በነርቮችም ውስጥ የሚመላለስ፣ ከተፈጥሮ የተሰጠና ሰውነትን የሚያስተዳድር ጥበብ አለ አለ። ይህ አነጋገር ከሕክምና ይልቅ ወደ ሃይማኖት የሚቀርብ መሆኑን አንባቢ ሳይገነዘበው አይቀርም።

ይህ ትርጓሜ በምርመራ ሳይደገፍ ያን ያህል ጊዜ እንዴት ጸና? እኛ እንደ ተመለከትነው መልሱ ከበሽተኛ አልጋ ይልቅ በፍርድ ቤት ይገኛል። በየግዛቱ የነበረው ሕግ ያለ ፈቃድ ማከምን ይከለክል ነበር። ፓልመር ራሱ በ1906 በዚሁ ተከሶ ቅጣቱን አልከፍልም በማለት እሥር ቤት ገባ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከፍሎ ወጣ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1907፣ በዊስኮንሲን ግዛት በላክሮስ ከተማ ሞሪኩቦ የሚባል ጃፓናዊ ካይሮፕራክተር ተከሰሰ። ጠበቃው ቶም ሞሪስ ያቀረበው መከላከያ እጅግ ብልህ ነበር። ደንበኛዬ ሕክምና አልሠራም፤ ኦስቲዮፓቲም አልሠራም፤ ካይሮፕራክቲክ የራሱ ሳይንስና የራሱ ፍልስፍና ያለው ሌላ ሙያ ነው፤ ካይሮፕራክተር በሽታ አያክምም፣ አጥንት ያቃናል እንጂ፣ ሲል ተከራከረ። ሸንጎውም ሞሪኩቦን ነፃ ለቀቀው።

ከዚህ በኋላ የነገሩን አካሄድ ማስተዋል ያሻል። የሙያው ሰዎች «የምናቃናው አጥንት ነው» ማለታቸውን ቢተዉ፣ ያለ ፈቃድ የሚያክሙ ሐኪሞች ሆነው ሊታሠሩ ነው። ስለዚህ ትርጓሜው እውነት ሆነም አልሆነም ከእሥር የሚያድን ጋሻ ሆነ፤ ጋሻውን ደግሞ በጦርነት መካከል የሚጥል የለም። የመጀመሪያው ደጋፊ ሕግ በካንሳስ በ1913 ወጣ፤ የመጨረሻይቱ ግዛት ሉዊዚያና እስክትፈቅድ እስከ 1974 ድረስ 61 ዓመት ፈጅቶአል። እኛ እንደምናምነው፣ ሐኪሞቹ በክስ ፈንታ እንደ ፓጄት ምርመራን መርጠው ቢሆን ኖሮ የሰብላክሴሽን ነገር ቀደም ብሎ ይፈተን ነበር።

የፓልመር ልጅ ባርትሌት ከአባቱ ይልቅ ነጋዴ ነበር። ራጅ ለሙያው ያስገባው በ1910 ነው። በ1922 የዳቨንፖርትን ራዲዮ ጣቢያ ገዛ፤ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን የራዲዮ ሥራ የጀመረው በዚሁ ጣቢያ ነው። በ1924 ደግሞ በጀርባ ላይ የሙቀት ልዩነት እየለካ የተጨቆነውን ነርቭ ያሳያል የተባለ መሣሪያ አውጥቶ፣ ያለዚህ መሣሪያ በትክክል የሚሠራ ካይሮፕራክተር የለም አለ። ብዙዎቹ ተከታዮቹ በዚህ ተቈጥተው ተለዩት፤ ከመምህራኑም አንዳንዶቹ ወጥተው በ1926 በኢንዲያናፖሊስ ሌላ ኮሌጅ መሠረቱ።

የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም ዝም አላለም። በ1963 ሐሰተኛ ሕክምናን የሚዋጋ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ አባሎቹ ከካይሮፕራክተሮች ጋራ እንዳይተባበሩ ከለከለ። በ1976 ቼስተር ዊልክና አራት የሙያ ባልደረቦቹ ማኅበሩን በንግድ ውድድር ሕግ ከሰሱ። በ1987 ዳኛ ሱዛን ጌትዘንዳነር ማኅበሩ አንድን ሙያ ለማጥፋት በማደም ሕግ ጥሶአል ሲሉ ፈረዱ፤ በ1990 በይግባኝም ጸና። ዳኛዋ ግን ፍርዳቸው ሙያው በሳይንስ የተረጋገጠ ነው ማለት እንዳልሆነ ለይተው አስታውቀዋል። ይህችን ነጥብ ብዙ ጸሐፊዎች ስለሚዘሏት እኛ ልናነሣት ወደድን።

ትርጓሜው በመጨረሻ ሲፈተን ምን ሆነ? በ1973 የዬል ዩኒቨርሲቲ የአካል ጥናት ሊቅ ኤድመንድ ክሬሊን የሞቱ ሰዎችን አከርካሪ በመሣሪያ እያጣመመ መረመረ፤ አጥንቱ ነርቩን ከመንካቱ በፊት አከርካሪው ራሱ ይፈርስ እንደ ነበረ አገኘ። በ1998 ደግሞ በስዊድን የተሠራ ምርመራ፣ የዳሌን መገጣጠሚያ ከመታሸቱ በፊትና በኋላ በረቀቀ ራጅ ሲለካ የአጥንቱ አቀማመጥ አለመለወጡን አሳየ፤ የዳሰሱት ባለሙያዎች ግን ተስተካክሎአል ብለው ነበር። እንግዲህ «አጥንቱ ወደ ቦታው ገባ» የሚለው አነጋገር ለታካሚው የሚያጽናና ቢሆንም በልኬት አልተገኘም።

ስለ ድምፁስ? በሽተኛውም አካሚውም «ገባ» የሚሉት ቋ ሲል ስለሚሰሙት ነው። የአከርካሪ አጥንቶች ከኋላቸው በትናንሽ መገጣጠሚያዎች ይያያዛሉ፤ በመገጣጠሚያውም ውስጥ የሚያለሰልስ ዝልግልግ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ አየር ሟምቶ ይገኛል። ካይሮፕራክተሩ ከሩብ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ገፋ ሲያደርገው ሁለቱ የአጥንት ፊቶች ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ግፊት ድንገት ስለሚወድቅ አረፋ ይፈጠራል። ይህን በ1947 የለንደን ተመራማሪዎች ሮስተንና ዊለር ሄይንስ በጣት ላይ በራጅ አይተውታል። በ1971 የሊድስ ሰዎች ድምፁ አረፋው ሲፈርስ የሚወጣ ነው አሉ፤ በ2015 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የጣት መንቋቋትን በኤም አር አይ ፊልም አንሥተው፣ ድምፁ የሚወጣው አረፋው ሲፈጠር መሆኑን አሳዩ። ጣቱን ያንቋቋ ሰው ወዲያው ሊደግመው ያልቻለበት ምክንያት አየሩ ተመልሶ እስኪሟማ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ነው። (ዶናልድ አንገር የሚባል የካሊፎርኒያ ሐኪም እናቱ ጣትህን ታበላሻለህ ብለው ቢገሥጹት፣ ከ50 ዓመት በላይ የግራ እጁን ብቻ ሲያንቋቋ ኖሮ በ1998 በሁለቱ እጆቹ መካከል ልዩነት እንዳላገኘ ጽፎአል።) ከዚህም በላይ በ2004 በካናዳ በተሠራ ጥናት፣ በወገብ ላይ ድምፁ የሚወጣው ከታለመው መገጣጠሚያ በአማካይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። ድምፅ እንግዲህ የአረፋ ምስክር ነው፤ ስለ አጥንት ቦታ አይመሰክርም።

ይህ ሁሉ ግን እጁ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ባሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ውስጥ መሳብንና መወጠርን የሚያስታውቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። ድንገተኛው ግፊት እነዚህን ሲቀሰቅስ መልእክታቸው ወደ ኅብለ ሰረሰር ይገባል፤ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ወዲያው ይመልሳሉ፣ የሕመም ስሜትም ለጊዜው ይቀንሳል። በ1965 ሜልዛክና ዎል የንክኪ መልእክት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመምን መልእክት መንገድ እንደሚዘጋበት ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ውጤቱም በልክ ነው። በ2017 የ15 ሙከራዎች ውጤት ሲደመር፣ አዲስ የወገብ ሕመም ከ0 እስከ 100 በሚለካበት ሚዛን በአማካይ 10 ያህል ቀነሰ። በ2019 ደግሞ ከ9,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸው 47 ሙከራዎች ሲመረመሩ፣ ለቈየ የወገብ ሕመም ማቃናቱ እንደ ሰውነት እንቅስቃሴ ካሉት ሌሎች የሚመከሩ ሕክምናዎች ጋር የተስተካከለ ሆኖ ተገኘ። ለደንቆሮ፣ ለአስምና ለመሳሰለው ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ አልተገኘም።

የአንገት ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋሉ፤ የእነዚህ ግድግዳ ሲሰነጠቅ አንጎል ደም ሊያጣ ይችላል። አንገታቸውን ካስገፉ በኋላ እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች በሐኪሞች ተመዝግበዋል። በ2008 በኦንታሪዮ የተደረገ ጥናት ወደ ተራ ሐኪም የሄዱትም ላይ ተመሳሳይ ቍጥር ስላገኘ፣ ሥራቸው አስቀድሞ የተሰነጠቀባቸው ሰዎች በአንገት ሕመም ምክንያት ወደ አካሚ ይሄዳሉ የሚል ክርክር ተነሥቶአል። አደጋው እምብዛም የማይደርስ ቢሆንም፣ ጥቅሙ 10 ነጥብ ለሆነ ነገር አንገትን የሚያስገፋ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ይመስለናል።

በብሪታንያ ሙያውን በሕግ የሚቈጣጠረው የካይሮፕራክተሮች ምክር ቤት በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ሰብላክሴሽን ታሪካዊ ሐሳብ መሆኑንና የበሽታ ምክንያት ነው ለማለት የሚያስችል የምርምር ማስረጃ እንደሌለው አስታወቀ። በላክሮስ ፍርድ ቤት ሞሪኩቦን ያዳነውን ጋሻ ያወረዱት የሙያው የራሱ ሰዎች ናቸው፤ ይኸውም ፍርድ ከተሰጠ ከ103 ዓመት በኋላ ነው።