አእምሮ በ24 ቅጂ፦ አራዳ ማሽንን እንዴት ለመደች?

«አራዳ» የሚለው ቃል በከተማችን አፍ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሰፈር ነው፤ በጊዮርጊስ ዙሪያ ከነበረው የጥንቱ ገበያ ተነስቶ ዛሬ ፒያሳ የምንለውን የሚያቅፈው። ሁለተኛው ሰው ነው፤ አዲስ ነገር ሲመጣ የማይደነግጥ፣ ቶሎ የሚነቃ፣ በቀላሉ የማይሸወድ። ተቃራኒው ፋራ ይባላል። ሰፈሩ ስሙን ለሰውየው ያወረሰው በከንቱ አይመስለንም። ባንኩም፣ ሆቴሉም፣ ወርቅ ቤቱም ቀድሞ የተለመደው እዚሁ አካባቢ ነው። (የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብለው የሸሹትም የዚሁ ከተማ ሰዎች ናቸው። ልጆቻቸው ግን ለትኬት ሲጋፉ አደጉ።)

የዛሬው እንግዳ አርተፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። ሠራተኛው «እንጀራዬን ይወስድብኝ ይሆን?» እያለ ይጨነቃል። ባለድርጅቱ ደግሞ «ስንት ሰው ልቀንስ?» እያለ ያሰላል። እነዚህ ጥያቄዎች አራዳ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠየቁ ኖረዋል። እኛ የሰፈሩን ታሪክ ስናገላብጥ ያየነው ነገር ቢኖር ማሽን በአንድ ቀን እንደሚገባ፣ ሰውን ከማሽኑ ጋር ማስማማት ግን ዓመታት እንደሚፈጅና ውጤቱን የሚወስነው አለቃው እንደሆነ ነው።

ከስሙ እንጀምር። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» ይባል ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ አንድሪያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ ጀመረው፤ ስሙን ያወጡለት አፄ ምኒልክ ናቸው። ጋዜጣው ሲጀመር ማተሚያ ስላልነበረው በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይሠራጭ ነበር። እስኪ አስቡት፣ ያንኑ ወሬ 24 ጊዜ መገልበጥ! በኋላ ፖሊግራፍ የሚባል ማባዣ መጣና ቅጂው ወደ 200 አደገ። ማባዣው የወሰደው የክንዱን ድካም ነው። ከተማው ውስጥ ምን ተወራ፣ የትኛው እውነት ነው፣ የትኛውስ ቢጻፍ ቤተ መንግሥቱን ያስቆጣል የሚለው ግን ሰውየው ጋ ቀረ። ዛሬ ማሽኑን ራሱን ሰው ሠራሽ አእምሮ ብለን ስንጠራ ይቺ ታሪክ ትዝ ትለናለች።

ስለ አፄ ምኒልክ ስልክና ባቡር ብዙ ይወራል። በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ ግን ይዘነጋል። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን በሙያው የሚሰድብ ሰው ይቀጣል የሚል ነበር። በስድባችሁ አገሩን ያለ ባለሙያ ልታስቀሩት ነው የሚል ቁጣ አለበት። ንጉሡ ማሽን እያስመጡ እጁን የሚያሠራውን ሰው ሕዝቡ ከናቀው ማሽኑ የቤት ጌጥ ሆኖ እንደሚቀር ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ዛሬ «የአመራር ለውጥ» ብለው በሆቴል አዳራሽ ያሠለጥኑበታል።

አዋጅ ብቻውን ግን አይበቃም። የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ሲመረቅ ካፒታሉም፣ አሠራሩም፣ ገዥውም ከውጭ የመጡ ነበሩ። ሕንፃው ቶሎ ተሠራ፤ መዝገቡም ቶሎ ተከፈተ። በባንኩ ዓለም ላይኛው ወንበር ላይ ኢትዮጵያዊ እስኪቀመጥ ድረስ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጀ። አቶ ምናሴ ለማ የብሔራዊ ባንክ የመጀመሪያው ገዥ ሆነው ያንን ባንክ ሲመሩ ዘመኑ 1950ዎቹ ደርሶ ነበር። ዛሬ ሶፍትዌሩን ከነባለሙያው ገዝቶ ከውስጥ አንድም ሰው ሳያሠለጥን «ዘመንኩ» የሚል ድርጅት ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ ቢሰቅለው አይከፋም።

አሁን ደግሞ ትንሽ ዝቅ ብለን ወደ አራት ኪሎ እንውረድ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ተቋቋመ፤ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። በእርሳስ ፊደል የሚታተም ጽሑፍ እንዴት እንደሚሠራ የዛሬ ልጅ ላያውቅ ይችላል። ፊደል ለቃሚው ከፊቱ ባለ ብዙ ክፍል ሳጥን ይደረደርለታል። ከዚያ እያንዳንዷን ፊደል በጣቱ እየለቀመ፣ እንደ መስታወት የተገለበጠችውን እያነበበ፣ መስመር ይሠራል። የፈረንጁ ለቃሚ በ26 ፊደልና በጥቂት ምልክት ይገላገላል። የኛው ከ200 የሚበልጥ ፊደል አለበት። ታትሞ ሲያልቅ ደግሞ እያንዳንዷ ፊደል ወደ ቦታዋ መመለስ አለባት።

ይህ ሙያ በመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። ጀማሪ ፊደል እየመለሰና ቀለም እየጠረገ የሳጥኑን ካርታ በጣቱ ያጠናል፤ ከዚያ ይለቅማል። ከለቃሚው በላይ አራሚው አለ። አራሚ የሚሆነው ሃሌታው «ሀ» ከሐመሩ «ሐ»፣ ንጉሡ «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» የት እንደሚለይ የሚያውቅ ሰው ነው፤ በዚያን ዘመን ይህን ጠንቅቆ የሚያውቀው ደግሞ የቤተክህነት ትምህርት የቀሰመው ነበር። ልብ በሉ፤ ዘመናዊ የሚባለው ማሽን ያለ አሮጌው ዕውቀት አንድ ገጽ እንኳ በትክክል ሊያወጣ አልቻለም።

ቀጥሎ የጽሕፈት መኪና መጣ። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ የአማርኛውን መኪና ለመሥራት ሲነሱ ችግሩ ያው የፊደሉ ብዛት ነበር። ለላቲን ፊደል የተሠራ መኪና ቁልፉ ጥቂት ነው። መፍትሔው ፊደሉን እየከፋፈሉ፣ ግንዱ ላይ እግርና ቀለበት እየቀጠሉ መምታት ሆነ። ያ የመንግሥት ደብዳቤ ላይ የምናየው የተሰባበረ የሚመስል ጽሑፍ የመጣው ከዚህ ነው። ከድል በኋላ ደግሞ አንዳንድ ምሁራን ፊደሉ ራሱ ይሻሻል፣ ለማተሚያና ለመኪና እንዲመች ይቀነስ ብለው አቀረቡ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ማሽኑ የማይለወጥ መስሏቸው ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የግእዝ ፊደል የሚጽፉ ፕሮግራሞች ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደሉ ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ለፊደሉ ሲል የተስተካከለው ማሽኑ ሆነ።

የጽሕፈት መኪና ዘመን ሌላም ቅርስ ትቶልናል። አለቃው በእስክርቢቶ ይሞነጭራል፣ ጸሐፊዋ ትመታለች፣ እርሱ ይፈርማል። ኮምፒውተር ሲመጣም ይኸው ልማድ ቀጠለ። የብዙ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ ጉብ ያለው ኮምፒውተር ዳንቴል ለብሶ መቀመጡን የማያስታውስ አለ? ማሽኑን የማያውቅ አለቃ ሁለት ስህተት ይሠራል፤ ወይ ተአምር ይጠብቅበታል፣ ወይ ይፈራዋል። ሁለቱም ዞሮ ዞሮ ሠራተኛው ላይ ይወድቃል። የዛሬው ዳንቴል «ልጆቹ ይሠሩታል» የሚለው አነጋገር ነው።

ወደ ዛሬው እንምጣ። አዲስ አበባ ለዚህ ቴክኖሎጂ ጨርሶ ባዳ አይደለችም። አይኮግ ላብስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እዚሁ ሲሠራ ቆይቷል። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ክረምት ወደዚህ ስትመጣ የአካሏ ክፍሎች የነበሩበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶ ነበር (ሻንጣ መጥፋት ለሰው ብቻ አይደለም ለካ!)። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የአርተፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋም መሠረተ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አገራዊ ፖሊሲ ጸደቀ። የጎደለው ድርጅቶች ውስጥ ያለው ሥራ ነው።

የስዊድኑ ክላርና የተባለ የክፍያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ማሽኑ የ700 የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞችን ሥራ እየሠራልኝ ነው ብሎ ለዓለም አወጀ። በዓመቱ ዋና ሥራ አስኪያጁ የአገልግሎቱ ጥራት መጓደሉን አምነው ሰው መቅጠር እንደሚጀምሩ ተናገሩ። ስዊድን ውስጥ የተባረረን የሚተካ ሌላ ይገኝ ይሆናል። እኛ ጋ ግን አንድ ነባር የብድር ሠራተኛ ወይም ግምጃ ቤት ኃላፊ ሲሄድ ዕውቀቱ የትም ስላልተጻፈ አብሮት ይሄዳል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለወርቅ ቤቶች ብቻ አይደለም።

እኛን ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የጀማሪው ወንበር ነው። ማሽኑ ዛሬ በደንብ የሚሠራው ጀማሪ የሚሠራውን ነው፤ ቃለ ጉባኤ ማጠቃለል፣ ደብዳቤ ማርቀቅ፣ ሠንጠረዥ መሙላት፣ ቀላል ኮድ መጻፍ። ይህ የዚህ ዘመን ፊደል መመለስ ነው። አለቃው «እንግዲያው ጀማሪ አልቀጥርም» ካለ ደመወዝ ይቆጥባል። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን አራሚ ከየት ያመጣል? ማሽኑ ደግሞ አማርኛ ላይ ገና ተማሪ ነው። የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እፍኝ ነው። ስህተቱን አሳምሮ፣ በሙሉ ልብ ነው የሚጽፈው። ውልን ወይም የሕክምና ማስጠንቀቂያን እንደዚያ አምኖ የሚለጥፍ ድርጅት ወየው ለደንበኛው!

ስለዚህ ባለድርጅት ብንሆን ኖሮ ጀማሪውን ከማሽኑ ጋር፣ ነባሩን ከጀማሪው አጠገብ እናስቀምጥ ነበር። ጀማሪው ማሽኑ ያወጣውን ለነባሩ እያነበበ ያርማል። ነባሩም ለማስተማሩ የሚከፈለው ይጨመርለታል፤ ካልተጨመረለት ምን በወጣው! አለቃው ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ወር የገዛ ደብዳቤውን ራሱ በማሽኑ ያርቅቅ፤ ዳንቴሉ የሚወልቀው እንዲህ ነው።

ፒያሳ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ስትፈርስ ብዙ ሱቆችና ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ዕቃው በመኪና ተጭኗል። ደንበኛን በድምፁ የሚለይ፣ የማን ሰዓት የት እንደተሠራ የሚያውቅ ጎረቤት ግን እንደ ዕቃው አብሮ አይጫንም።

ከቀሩት ሙያዎች አንዱ ራፖር ጸሐፊነት ነው። በፍርድ ቤቶች ደጃፍ በብዕር ተጀመረ፣ ወደ ጽሕፈት መኪና ተሻገረ፣ አሁን ከፎቶ ኮፒው ጎን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። ሦስት ማሽን ተቀያይሮበት ሙያው አልሞተም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባለጉዳይ የሚመጣው እያለቀሰ፣ ከወንድሙ ጋር በውርስ ተጣልቶ፣ የ15 ዓመት ነገር አዛብቶ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ ጣቱን ቁልፉ ላይ አያሳርፍም። «መቼ ነው?» ይላል። «ማን አይቷል?» ይላል። «ወረቀት አለህ?» ይላል። ሰውየው ሲረጋጋ ደግሞ «አሁን ዳኛው ምን እንዲወስንልህ ነው የምትፈልገው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ ነው መጻፍ የሚጀምረው።