ኅዳር ሲታጠን የረሳነው ሳንባ

ኅዳር 12 ሲመጣ ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ለአብዛኞቻችን የልጅነት ትዝታ ነው። "ኅዳር ሲታጠን" እንላለን። ለምን ይታጠናል ብሎ ለጠየቀ ልጅ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ በሽታ እንዳይገባ!

የትኛው በሽታ? ብዙዎች ልማዱን የሚያያይዙት በ1911 ዓ.ም አገራችን ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር ነው። ፈረንጆቹ "የስፓኝ ጉንፋን" ይሉታል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም ነበር። አውሮፓ ለሰላሙ ደወል ስትደውል አዲስ አበባ ቀባሪ አጥታ ነበር። በከተማዋ ወደ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። በዓለም ዙሪያ ደግሞ የሟቹ ቁጥር 50 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይነገራል።

እስኪ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ጉንፋን እንዴት ይህን ያህል ሰው ይፈጃል?

የዘመኑ ሐኪሞችም ግራ ተጋብተው ነበር። ጀርመናዊው ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1892 ያገኘውን ባክቴሪያ የኢንፍሉዌንዛ መንስኤ ነው ብለው ያመኑ ብዙ ነበሩ። እውነተኛው መንስኤ፣ ማለትም ቫይረሱ፣ ከሰው ተለይቶ የተገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1933 ነው።

እንግዲህ ባክቴሪያው ከደሙ ንጹሕ ነበር ማለት ነው? አይደለም! እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በወረርሽኙ ከሞቱ 58 ወታደሮች የተቀመጠ የሳንባ ናሙና እንደገና መረመሩ። የዘመኑን የአስከሬን ምርመራ መዛግብትም አገላበጡ። የደረሱበት መደምደሚያ አብዛኛው ሰው የሞተው ቫይረሱን ተከትሎ በመጣ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ የመተንፈሻ ቧንቧን የውስጥ ሽፋን ይልጠዋል። ያ ሽፋን ቆሻሻና ተሕዋስያንን ጠርገው የሚያወጡ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አሉት። ጠራጊው ሲጠፋ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ዝም ብለው የኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ታች ይወርዳሉ። አየር ሊገባበት የሚገባው የሳንባ ከረጢት በመግልና በፈሳሽ ይሞላል። ከንፈር ይጠቁራል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ከያዛቸው ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር፤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው።

በ2012 ዓ.ም ኮቪድ ሲመጣ የሳንባ ነገር እንደገና የአገር ወሬ ሆነ። ያኔ በአብዛኛው ሳንባውን የጎዳው ቫይረሱ ራሱና የሰውነት ቁጣ ነበር። መንገዱ ቢለያይም የሞቱ በር ግን ያው ሳንባ ነው።

ከአያቶቻችን ጭሱን ወረስን፤ የሞቱበትን ምክንያት ግን አልወረስንም። ዛሬም "ጉንፋን ነው፣ ያልፋል" እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ ያልፋል። ተሻለው ያልነው ሰው ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ ደረቱን ከወጋው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ነገሩ ጉንፋን ብቻ አይደለም። የ1911ዱ ሰው ያላገኘው መድኃኒትና ኦክስጅን ዛሬ አለ። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮም ለሕፃናት ዋነኛውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ የሚከላከል ክትባት ይሰጣል።

ቆሻሻውን መጥረጉ ደግ ነው፣ እንቀጥልበት። ጭሱ ግን ሳንባ ይጎዳል እንጂ አይጠብቅም። ሙታኑን ማሰብ ከፈለግን ሳል የያዘው ጎረቤታችን እንዴት እንደሚተነፍስ ጎራ ብለን እንይ።