ኅዳር ሲታጠን፤ ስለ ወረርሽኝና ስለ ሕዝብ ጥንቃቄ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ የአዲስ አበባ ሰው ግቢውንና ደጁን ጠርጎ፣ ጥራጊውን በየመንገዱ ዳር ከምሮ እሳት ይለኩስበታል። ከየሰፈሩ የሚነሣው ጢስ ከተማዋን እንደ ጉም ይሸፍናታል። ይህ ልማድ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ የሚያውቁት እንደ ጽዳት ቀን ብቻ ነው፤ ሥሩ ግን በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን የመታው የኅዳር በሽታ ነው። ልማዱን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው አንድ ትልቅ ጥያቄ ያቀርብልናል። ሕዝብ በዐይን በማይታይ ጠላት ሲከበብ ራሱን ለመጠበቅ ምን ያደርጋል? የሚያደርገውስ ጥንቃቄ በእርግጥ የሚጠብቀው መቼ ነው? ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ ሊመስል ይችላል። ውኃ የሚያጣራው፣ የፍሳሽ መውረጃ የሚዘረጋው፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል የሚያንጸው መሐንዲስ ስለሆነ ግን የማኅበራችንም አባላት ከጥያቄው ነፃ አይደሉም።

እንደሚታወቀው፣ አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት በሌላው ዓለም «የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» የተባለውን ወረርሽኝ ነው። ስሙ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። ስሙ ለእስፓኝ የተሰጣት በሽታው ከእርሷ ስለ ተነሣ አይደለም። በጦርነት ላይ የነበሩት መንግሥታት የሕዝባቸው መንፈስ እንዳይሰበር በማለት ስለ በሽታው የሚጻፈውን በሳንሱር ሲያፍኑ፣ ገለልተኛ የነበረችው የእስፓኝ ጋዜጦች የሆነውን ጻፉ። ስለዚህ እውነቱን የተናገረችው አገር የበሽታው ስም ተሸካሚ ሆና ቀረች። የሕዝብ ግንዛቤ ጠላት አለማወቅ ብቻ ሳይሆን የሚያውቀው ክፍል ዝምታም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በሽታው በዓለም ላይ ከሦስት ሰው አንዱን ያህል እንደ ያዘና 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል።

በአዲስ አበባ በበረታበት ጊዜ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነት ሥልጣን ላይ ነበሩ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ከተማዋ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። የሳምንታት የነበረው የባሕር ጠረፍ መንገድ የጥቂት ቀናት ሆኖ ነበር። ራስ ተፈሪም ታመው ከሞት ተርፈዋል፤ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው ማለቁን ገልጸዋል። የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በተለይ መከራውን ያከበደው በሽታው በብዛት የሚገድለው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን፣ ጉልበት ያለውን ሰው መሆኑ ነው። በሽተኛ የሚያስታምመው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ውኃ የሚቀዳውና እንጀራ የሚጋግረው አብሮ ወደቀ።

በዚህ ጭንቅ ጊዜ ሕዝቡ የያዘው መከላከያ ጢስ ነበር። ይህን በመስማት ብቻ «ኋላ ቀርነት» ብሎ መፍረድ ታሪክን አለማወቅ ነው። በሽታ ከበሰበሰና ከሸተተ አየር ይመጣል የሚለው እምነት ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ሊቃውንትም እምነት ነበር። በ1665 እ.ኤ.አ. ለንደን በወረርሽኝ ስትመታ የከተማው ሹም በየመንገዱ እሳት እንዲነድ አዝዞ ነበር። በ1911 ዓ.ም.ም ቢሆን የኢንፍሉዌንዛን መንሥኤ በትክክል የሚያውቅ አንድም ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ጀርመናዊው ሊቅ ፋይፈር በ1892 እ.ኤ.አ. አገኘሁት ያለው ባክቴሪያ የተሳሳተ መሆኑ ቆይቶ ታውቋል፤ እውነተኛው መንሥኤ ቫይረስ መሆኑ በሰው ላይ የተረጋገጠው በ1933 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ነው። እንግዲያስ በማወቅ ረገድ የአዲስ አበባ ባላገርና የፓሪስ ፕሮፌሰር በዚያ ወር የተራራቁ አልነበሩም።

ነገር ግን መንሥኤውን ሳያውቁ መተላለፊያ መንገዱን በመገመት ብቻ ብዙ ሕይወት ማዳን ይቻል እንደ ነበር ሁለት የአሜሪካ ከተሞች ያስረዳሉ። በፊላዴልፊያ በሽታው መግባቱ እየታወቀ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. ለጦርነቱ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀው ሰልፍ ላይ 200,000 ያህል ሕዝብ ተሰበሰበ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቹ ሞሉ፤ ትምህርት ቤቶችና ቴአትር ቤቶች የተዘጉት በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ነበር። በሴንት ሉዊስ ግን የጤና ሹሙ ማክስ ስታርክሎፍ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች በታወቁ በሁለተኛው ቀን መሰብሰቢያዎችን አዘጋ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽታው በጸናበት ሳምንት ከወትሮው በላይ የሞተው ሰው ከ100,000 ነዋሪ በፊላዴልፊያ 257፣ በሴንት ሉዊስ 31 ነበር። ስለ ቫይረሱ የሁለቱም ከተሞች ዕውቀት እኩል ነበር። የለያቸው በሽታው ከሰው ወደ ሰው በመቀራረብ እንደሚሄድ አምኖ በጊዜ መወሰን ነው።

መንገዱን ማወቅ ጀርሙን ከማወቅ እንደሚቀድም ለሙያችን ቅርብ የሆነው ምስክር የለንደኑ የኮሌራ ታሪክ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. በብሮድ ስትሪት ሰፈር በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 ሰው በላይ በኮሌራ አለቀ። ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾቹ የነበሩባቸውን ቤቶች እየዞረ ሲመረምር አብዛኞቹ የሚቀዱት ከአንድ የመንገድ ዳር ፓምፕ መሆኑን ተረዳ። በዚያው መንገድ ላይ የነበረው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ያንን ውኃ ስለማይጠጡ ከሞት ተርፈዋል። በስኖው ማሳሰቢያ የፓምፑ እጀታ ሴፕቴምበር 8 ቀን ተነቀለ። ስኖው ራሱ በቅንነት እንደ ጻፈው፣ ሰዉ ሰፈሩን ለቆ በመሸሹ በሽታው ቀድሞውኑ መብረድ ጀምሮ ነበር። ቢሆንም የማስረጃው ክብደት አልቀነሰም። ይህ ሁሉ የሆነው ሮበርት ኮኽ የኮሌራን ባክቴሪያ በ1884 እ.ኤ.አ. ከማረጋገጡ 30 ዓመት በፊት ነው።

ባለሥልጣኖቹ ግን ስኖውን አላመኑትም፤ ጥፋቱን በመጥፎ ሽታ ላይ ማላከኩን ቀጠሉ። በ1858 እ.ኤ.አ. በጋ የቴምዝ ወንዝ ክርፋት የፓርላማውን አባላት እስከ መቀመጫቸው ድረስ ተከትሎ ባስጨነቃቸው ጊዜ ለመሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ገንዘብ ፈቀዱ። እርሱም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋና የፍሳሽ መውረጃ ከመሬት በታች ገንብቶ የከተማውን ፍሳሽ ከለንደን በታች ወዳለው የወንዙ ክፍል ወሰደው። ሥራው የታሰበው ሽታን ለማጥፋት ነበር፤ ያጠፋው ግን ኮሌራን ነው። በ1866 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ዳግም ሲነሣ በብዛት የጐዳው መውረጃው ገና ያልተጠናቀቀለትን ምሥራቅ ለንደንን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የባዛልጌት ሥራ በተሳሳተ ሐሳብ ተነሥቶ ከጠቀመ፣ የኛስ ጢስ ስለምን አይጠቅምም? መልሱ ሐሳቡ ላይ ሳይሆን ድርጊቱ ላይ ነው። መውረጃው የሽታውን ምንጭ ሲያርቅ ሳይታወቀው የበሽታውን መተላለፊያ ቈረጠ። የኅዳር 12 ልማድም ሁለት ድርጊቶች አሉት፤ መጥረግና ማጠን። መጥረጉ ዝንብንና አይጥን ስለሚያርቅ ከተቅማጥና ከመሳሰሉት በሽታዎች ይጠብቃል። ጢሱ ግን በሰው ትንፋሽ የሚተላለፈውን ኢንፍሉዌንዛ አይቈርጥም። እንዲያውም ሳንባን ያውካል፤ በተለይ የዛሬው ጥራጊ እንደ አያቶቻችን ዘመን ቅጠልና ገለባ ብቻ ሳይሆን ፕላስቲክና ላስቲክ ስለሆነ ከቃጠሎው የሚወጣው መርዝ ለጤና ጠንቅ ነው።

ከዚህ የከበደም ነገር አለ። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ የሚገታው ሰው ከሰው ሲርቅ ነው። በአገራችን ግን የታመመ መጠየቅ፣ የሞተ መቅበር፣ ለቅሶ ቤት መዋል የሰውነት መለኪያ ነው። ስለዚህ «ራቁ» የሚለው ምክር በጆሮ ሲገባ «ጨክኑ» ሆኖ ይሰማል። ሕዝብ ምክሩን ያልተቀበለ እንደ ሆነ ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም፤ ከሚያከብረው ግዴታ ጋር ተጋጭቶበት ሊሆን ይችላል። መካሪው ይህን ግጭት አውቆ፣ ለሐዘንተኛው ሌላ የመጽናኛ መንገድ አብሮ ካላሳየው ምክሩ ከንቱ ይሆናል።

ይህን በቅርቡ አይተነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ፣ ስልክ በተደወለ ቍጥር የጥንቃቄ መልእክት ይሰማ ነበር፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቧንቧ ያለው ባልዲ ተቀመጠ። ግንዛቤ አልጐደለም ነበር። ጥቂት ስሌት ግን እናድርግ። አንድ ሰው በቀን አሥር ጊዜ እጁን ቢታጠብና በያንዳንዱ ጊዜ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢያፈስ 5 ሊትር ይሆናል። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 25 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ወይም እናት ከምንጭ በጀርባዋ በምታመጣበት ቀበሌ፣ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለው ቃል ካለ ቧንቧ ግማሽ ምክር ነው። እንደዚሁም ስድስት ሰው በአንዲት ክፍል በሚያድርበት ቤት «ተራራቁ» ማለት የቤቱን ስፋት የረሳ ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ ከተመለከትነው ታሪክ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሕዝብ እውነቱን በጊዜ ሊነገረው ይገባል፤ ሳንሱርና መዘግየት ያስከተሉትን አይተናል። ሁለተኛ፣ የሚነገረው «አድርጉ» ብቻ ሳይሆን በሽታው የሚሄድበት መንገድ መሆን አለበት፤ መንገዱን የተረዳ ሰው ያልተነገረውንም ጥንቃቄ በራሱ ያገኛልና። ሦስተኛ፣ ምክሩን የሚያስፈጽመው ውኃ፣ መውረጃና በቂ አየር የሚያገኝ ቤት ከምክሩ ጋር መቅረብ አለበት። ሦስተኛው በቀጥታ የሙያችን ዕዳ ነው። ለትምህርት ቤት የመስኮት ስፋት ስንወስን፣ ለገበያ የመጸዳጃ ቤት ቍጥር ስናሰላ፣ ስለሚመጣው ወረርሽኝ አስቀድመን እየወሰንን ነው።

የኅዳር 12 ልማድም መሻር አለበት ብዬ አላምንም። መቶ ዓመት ያለፈው፣ ሕዝብ ማንም ሳያስገድደው በአንድ ቀን መጥረጊያ ይዞ የሚወጣበት ልማድ በቀላል አይገኝም። ጢሱን ትተን ቀኑን ብንጠብቀው ይሻላል። በዚያ ዕለት በየቀበሌው የተደፈኑ ቦዮች ቢጠረጉ፣ የሚያፈስሱ ቧንቧዎች ቢጠገኑ፣ የማኅበራችን አባላትም በየሰፈራቸው ተገኝተው በሽታ በውኃና በትንፋሽ እንዴት እንደሚተላለፍ ለጐረቤቶቻቸው ቢያስረዱ፣ በ1911 ዓ.ም. ላለቁት ወገኖቻችን የሚገባ መታሰቢያ ይሆናል።